«ተኝተው ያመጡት ዲግሪ»፦ ኮምቦልቻ ላይ የወጣው የሥራ ማስታወቂያ አግባብ ነው ወይ?

የሐረጎ መንገደኛ
ሰላም ጀመዓ። ትናንት ኮምቦልቻ አንድ ድርጅት በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። የሒሳብ ሠራተኛ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ሁለት ዓመት ልምድ፣ ፒችትሪ (የሒሳብ ሶፍትዌር) የምትችል። ሁሉም አለኝ፤ ዲግሪዬን ያመጣሁት በርቀት ተምሬ ነው። ታች ላይ ግን «በመደበኛ መርሃ ግብር የተመረቀ/ች ብቻ» ይላል። ገብቼ ጠየቅሁ። መዝጋቢው ፋይሌን ገልጦ እንኳ ሳያይ «እህቴ፣ ተኝተው ያመጡትን ዲግሪ አንቀበልም» አለኝ። ያውም ሰው ፊት።

እኔ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ፣ በሦስት ሺፍት የሚገባበት። የሌሊት ተረኛ በሆንኩበት ሳምንት ጠዋት ወጥቼ፣ ጆሮዬ ውስጥ ማሽኑ ገና እየጮኸ፣ ከሻሼ ላይ ብናኝ ጥጥ እያራገፍኩ ነው ኮስት አካውንቲንግ ያነበብኩት። ደሴ ለቱቶሪያል ስወጣ የሐረጎን ዳገት የምጨርሰው ሞጁሉን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ነው። በኋላ እዚያው ፋብሪካ መጋዘን ሒሳብ ላይ ተመደብኩ። መውጫ ፈተናውን ወሎ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከመደበኛ ተማሪዎች ጋር ተቀምጬ፣ ያንኑ ጥያቄ ሠርቼ አልፌያለሁ። ፈተናው አንድ ከሆነ በሩ ለምን ሁለት ይሆናል? መልስ ያለው ይንገረኝ።

ከጦሳ ሥር
እህቴ፣ የተናገረሽ ሰው ስድ ነው፤ እሱን አልደግፍም። ማስታወቂያው ግን ትክክል ነው። እኔም አካውንቲንግ ነኝ፣ መደበኛ። የርቀቱ ነገር እንዴት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የተሠራ አሳይመንት ኮፒ ቤት ይሸጣል፤ ስምና መታወቂያ ቁጥር ቀይሮ ማስገባት ነው። ለፈተና ብቻ ብቅ የሚል አለ፤ እሱንም በሰው የሚያስፈትን አለ። አንቺ ለፍተሽ ይሆናል። አብዛኛው ግን ተኝቶ ነው ያመጣው። ድርጅት ደግሞ የሚያየው አብዛኛውን ነው።

መምህር ከኩታበር
«አብዛኛው ተኝቶ ነው ያመጣው» የምትለዋን ይዣታለሁ፣ እንዳትሸሽ። በምን ለካኸው?

ከጦሳ ሥር
አልሸሽም። በ2015 የመውጫ ፈተና ለሁሉም ሲጀመር ውጤቱን አይተናል። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 62 በመቶ ገደማ አለፈ፤ ከግል ተቋማት 17 በመቶ ገደማ። ከመቶው 83ቱ ግማሹን ጥያቄ መመለስ አልቻለም ማለት ነው። ይሄ መለኪያ ካልሆነ ምን መለኪያ ልስጥህ?

መምህር ከኩታበር
አንደኛ፣ 17 በመቶው የግል ተቋማት ሁሉ ነው፤ ቀኑም ማታውም ርቀቱም በአንድ ላይ። የርቀት ብቻ አድርገህ አታቅርበው። ሁለተኛ፣ ከመንግሥቱስ 38ቱ የት ገባ? መኝታ ተሰጥቶት፣ ካፌ እየበላ፣ ቤተ መጻሕፍት ሌሊት ተከፍቶለት የወደቀውን ምን ልትለው ነው? ሦስተኛው ዋናው ነው፤ ወዳጄ፣ የወደቀው ሰው ዲግሪውን አያገኝም። ማስታወቂያው የሚዘጋው በወደቁት 83ቱ ላይ አይደለም፤ ባለፉት 17ቱ ላይ ነው። ያለ ዶርም ያለ ካፌ ያለፉትን ነው በር ላይ የምትመልሷቸው። ይሄ ፍርድ ነው?

የሐረጎ መንገደኛ
ወላሂ እኔ ልናገር ያቃተኝን ነው ያሉት፣ መምህር።

ከጦሳ ሥር
«ካፌ እየበላ» ትለኛለህ። ያን ካፌ ታውቀዋለህ? ወጪ መጋራት ፈርመን ነው የገባነው፤ ይቆረጥብናል። ደግሞ በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ግቢያችን ምን እንደሆነ የዚህ አገር ሰው ሆነህ አታውቅም? ተዘርፎ፣ ኮምፒውተሩ ተነቅሎ፣ ላቦራቶሪው ተሰባብሮ ነው የጠበቀን። እኛም በአልጋ ላይ ሆነን አልተመረቅንም።

መምህር ከኩታበር
አውቃለሁ፣ ያንን ማንም አይክድህም። አንተ የተማርክበትን መከራ እኔ አቃለልኩ ካልክ ይቅር። ግን አንተም የሌላውን መከራ «መኝታ» ብለህ አትጥራው።

ሮቢት ሰፈር
የኮምቦልቻ ድርጅት የደሴን ልጅ ሲንቅ ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። ፋብሪካው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ባቡር ጣቢያው ሁሉ እዚያ ስለሆነ…

የቦርከና ልጅ
እሷ የተናገረችው ስለ ርቀት ትምህርት ነው፤ አንተ ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻን ልታጣላ መጣህ። ሐረጎን ስትወርድ ማን ከለከለህ? ግማሹ ሠራተኛ ጠዋት ከደሴ ነው በሰርቪስ የሚመጣው።

ሮቢት ሰፈር
እሺ ተውኩት። ግን አንድ ነገር ልበል። ማንዴላ የሕግ ዲግሪውን የጨረሰው እስር ቤት ሆኖ፣ በዩኒሳ (የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ) በርቀት ነው፤ በ1989 እ.ኤ.አ.። እሱም ተኝቶ ነው በሉኛ!

ከጦሳ ሥር
ማንዴላን ተወው። ዩኒሳ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በርቀት ሲያስተምር የኖረ ተቋም ነው፤ ሥራው ያ ነው። የእኛ ሰው አንድ ፎቅ ላይ ሦስት ክፍል ተከራይቶ ባነር ሰቅሎ ነው የሚጀምረው። መንግሥት ራሱ በ2002 ነሐሴ ላይ የርቀት ትምህርትን ያገደው ያለ ምክንያት ነበር?

መምህር ከኩታበር
አገደ፤ ከዚያስ? መልሶ ፈቀደ። እንዲህ ከሆነ ጥፋቱ የፈቃድ ሰጪና የባለ ባነሩ ነው። ገንዘቧን በክሬዲት ሰዓት ቆጥራ የከፈለችው ልጅ ላይ ለምን ይወርዳል?

ቱቶር ነበርኩ
እዚህ ላይ እኔ የማውቀውን ልናገር፤ ደሴ ውስጥ የአንድ ኮሌጅ ቅዳሜና እሁድ ቱቶር ነበርኩ፤ ታክስ አስተምሬያለሁ። ስሙን አልጠራም።

ለክፍሉ የሚሰጠው ሞጁል የ1994ቱን የገቢ ግብር አዋጅ ይዞ ነበር የሚያስተምረው። አዋጅ 979 በ2008 ወጥቶ ሕጉ ከተለወጠ በኋላም ማለቴ ነው። ሞጁሉ ላይ ከደመወዝ ከግብር ነፃ የሚሆነው 150 ብር ነው ይላል፤ ያኔ አዲሱ ሕግ 600 አድርጎት ነበር። ሠንጠረዡ ተቀይሯል፣ መቶኛው ተቀይሯል። ተማሪው ቤቱ ቁጭ ብሎ ያንን ሞጁል በቃሉ ቢያጠና የሚያውቀው የሞተ ሕግ ነው። እኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አዲሱን ሠንጠረዥ ጻፍኩላቸው፤ የመጡት ገለበጡ። ያልመጡትስ? ተመዝግቦ ከነበረው ክፍል የሚመጣው ጥቂቱ ነው። ሰነፍ ስለሆኑ አይምሰላችሁ፤ አንዱ ጥበቃ ነው፣ ተተኪ ከሌለው ከበሩ ንቅንቅ አይልም። አንዷ ሆቴል ነው የምትሠራው፣ ቅዳሜ ሠርግ አለ። ሌላው ከሐይቅ ማዶ ነው፣ መንገድ ሲዘጋ አይመጣም።

ለኮሌጁ ሞጁሉ ይቀየር ብዬ ነገርኩ። «ያለው ይለቅ» ተባልኩ። ታትሞ የተከመረ ወረቀት ስላለ ማለት ነው። ተኛ ከተባለ የተኛው ይሄ ነው።

ከጦሳ ሥር
ይኸው! እኔ ከዚህ ውጭ ምን አልኩ? ሞጁሉ የሞተ ሕግ ካስተማረ ከዚያ የወጣውን ሰው ድርጅቱ ደመወዝ ፔይሮል ላይ ለምን ያስቀምጠው?

ቱቶር ነበርኩ
የእኔን ቃል ለዚህ አትጠቀምበት። እኔ የኮሌጁን ጥፋት ነው የተናገርኩት። ተማሪዋ አዲሱን ሕግ ታውቅ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ፔይሮል ስጧትና ትሥራ፤ አሥር ደቂቃ ነው። በመደበኛ የተመረቀውም ያንኑ ይሥራ።

ነርሷ
እኔ ሆስፒታል ነው የምሠራው፤ ማኔጅመንት በርቀት ይዤ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። አንድ ነገር አልዋሽም፤ ነርስነትን በርቀት ተማሩ ቢባል መጀመሪያ የምጮኸው እኔ ነኝ። በሽተኛ ሳይነኩ የሚማሩት አይደለም። ሒሳብ ግን መጽሐፍና ልምምድ ነው። ሁሉንም በአንድ ከረጢት አትክተቱ።

ደግሞ ይሄን ስሙ። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ የሞባይል ዳታ በክልሉ ሲቋረጥ አሳይመንት የምንልከው በቴሌግራም ነበር። ምን አደረግን? ፍላሽ ላይ ጭነን፣ በወረቀት ጠቅልለን፣ ስልክ ጽፈንበት፣ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሹፌር ሰጠን። መንገድ ሲዘጋ ፍላሹም ከሹፌሩ ጋር ቀረ። ያለፈውን ሥራ እንደገና ሠራሁ። ተኝቶ የሚማር ሰው ይሄን አያደርግም።

የሰው ኃይል ኮምቦልቻ
እኔ ያ ድርጅት ውስጥ አይደለሁም፤ ግን ሰው ኃይል ላይ ነኝና በእኛ በኩል ያለውን ልንገራችሁ። ለአንድ ቦታ በመቶ የሚቆጠር ሰው ያመለክታል። ማስረጃ ይጣራ ብለን ስንጽፍ መልሱ ይዘገያል። ፎርጅድ ይዞ የተገኘ ሰው ቀጥረን እኛም ደርሶብናል፤ ኦዲት ሲመጣ የሚጠየቀው ሰው ኃይል ነው። ሥራ አስኪያጁ «በመደበኛ በሉና ይቅለላችሁ» ሲል ማቅለሉ እውነት ነው። ክፋት አይደለም፤ ወንፊት ነው።

የሐረጎ መንገደኛ
ጋሼ፣ በአክብሮት ልጠይቅዎት። ፎርጅድ የሚሠራ ሰው እየከፈለ የርቀት ዲግሪ ይሠራል? እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ያሠራሉ? የመደበኛውን ነዋ! ማስታወቂያችሁ «መደበኛ ብቻ» ካለ ፎርጅድ ሠሪው የሚያትመውን ነግራችሁታል። ወንፊታችሁ የሚያስቀረው እውነተኛውን የርቀት ምሩቅ እንጂ አጭበርባሪውን አይደለም። የመውጫ ፈተና ውጤቴ አለ፤ እሱን አጣሩ።

የሰው ኃይል ኮምቦልቻ
እውነት አለሽ። ይሄን በዚህ መንገድ አላየሁትም ብል አላፍርም። ግን ከ2015 በፊት የተመረቀውስ? የመውጫ ፈተና የለው፤ በምን ልለየው?

መምህር ከኩታበር
ከ2015 በፊት በመደበኛ የተመረቀውንስ በምን ትለየዋለህ? እሱም አልተፈተነም።

ከጦሳ ሥር
እሺ፣ እኔም በግልጽ ልናገር። ከተመረቅሁ ጀምሮ ሥራ የለኝም። በየማስታወቂያው «ሁለት ዓመት ልምድ» ይላል፤ ልምድ የት ነው የሚሸጠው? እናንተ ሥራ ላይ ሆናችሁ ተማራችሁ፤ ልምዱም ዲግሪውም በአንድ ጊዜ መጣላችሁ። እኔ አራት ዓመት መደበኛ ገብቼ በአንድ እጄ ወረቀት ይዤ ወጣሁ። «መደበኛ ብቻ» የምትለዋ መስመር እንኳ ከተነሳች ለእኔ ምን ይቀራል?

ነርሷ
አብሽር ወንድሜ። ግን ይሄን ከመጀመሪያው ብትለው «ተኝተው» በሚለው ላይ ይሄን ያህል ባልተካረርን።

መምህር ከኩታበር
ታዲያ ጠብህ ከልምድ መስመሯ ጋር እንጂ ከእህትህ ጋር አይደለም። እሷን አስወጥተህ ቦታው ለአንተ አይለቀቅም፤ ሁለት ዓመቱን አሁንም ይጠይቁሃል።

ከጦሳ ሥር
የልምዷ መስመር ትነሳ ብትሉ እሷ ትስማማለች? ይሄን ትመልስልኝ።

የሐረጎ መንገደኛ
አልስማማም፤ ለምን እስማማለሁ? መጋዘን ሒሳብ ላይ ሆኜ በእጄ የቢን ካርድ (የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ) ሞልቼ፣ ቆጠራ ላይ የጎደለውን በስሜ ፈርሜ ያገኘሁት ልምድ ነው። ዜሮ ዓመት ለሚሉ ቦታዎች አንተን ይቅጠሩ፣ እኔ አልመጣም። ሁለት ዓመት በሚሉት ላይ ግን እኔን አታስወጣኝ።

ከጦሳ ሥር
ዜሮ ዓመት የሚል ማስታወቂያ ኮምቦልቻ ላይ አንድ አሳዪኝና እዘጋለሁ።

የቦርከና ልጅ
ባለፈው አንድ ነበር፤ ገንዘብ ያዥ፣ ዜሮ ዓመት። «ሴት ብቻ» ይላል።

ከጦሳ ሥር
ይኸውላችሁ!

ነርሷ
እሱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ ለምን ሴት እንዳሉ እናውቃለን፤ ገንዘብ ያዥ…

ሮቢት ሰፈር
ምን እናውቃለን? ንገሪን እስቲ።