ከሊኑክስ ጋር የሚሠራ የካሜራ መቅጃ ለመምረጥ ምን ይታይ?

ጥያቄ (የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ)

ሰላም ለሁላችሁም። አዲስ አበባ ውስጥ በምሠራበት መድኃኒት ቤትና መጋዘን በኮአክሲያል ገመድ የተዘረጉ አራት የቆዩ ካሜራዎች አሉ። መቅጃቸው ስለተበላሸ ሌላ መግዛታችን አልቀረም፤ በዚያውም አራት የኔትወርክ ካሜራዎች ለመጨመር አስበናል። የቢሯችን ኮምፒውተሮች በሙሉ በዴቢያን ሊኑክስ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ የቀድሞው መቅጃ ምስሉን የሚያሳየው በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ብቻ ስለነበር አንድ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ለእሱ ሲባል ብቻ ይዘን ቆይተናል። ከእንግዲህ ምስሉን ዞንማይንደር ወይም ፍሪጌት በሚባሉት፣ በሊኑክስ ላይ የካሜራ ምስል በሚቀበሉና በሚቀዱ ፕሮግራሞች ለማየት እንፈልጋለን። ሻጮችን ስለ ሊኑክስ ስንጠይቃቸው «በስልክ ይታያል» ከማለት አያልፉም። ከመግዛታችን በፊት ምን እናረጋግጥ?

መልስ 1 (የኔትወርክ ቴክኒሻን)

በስልክ መታየቱ ምንም አያረጋግጥልዎትም፤ ምስሉ በአምራቹ ሰርቨር በኩል ብቻ የሚያልፍ ሊሆን ይችላልና። ሁለት ነገሮችን ይጠይቁ። አንደኛው፣ መቅጃው የእያንዳንዱን ካሜራ ምስል በውስጥ ኔትወርክ በአርቲኤስፒ (ቪዲዮን በኔትወርክ በቀጥታ ማስተላለፊያ ፕሮቶኮል) ይሰጣል ወይ የሚለው ነው፤ ዞንማይንደርም ፍሪጌትም ምስል የሚቀበሉት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። ሁለተኛው ኦንቪፍ የተባለውን፣ የተለያዩ አምራቾች ካሜራዎችና መቅጃዎች እንዲግባቡ የሚያደርገውን የጋራ ደረጃ መደገፉ ነው። ይህን ደረጃ የሚያወጣው አካል በ2008 እ.ኤ.አ. በአክሲስ፣ በቦሽና በሶኒ የተመሠረተ ሲሆን፣ ከደረጃው ክፍሎች ፕሮፋይል ኤስ የቀጥታ ምስልን፣ ፕሮፋይል ጂ ደግሞ የተቀዳውን ፈልጎ ማውጣትን ይመለከታል። ካርቶኑ ላይ «ኦንቪፍ» የሚል ጽሑፍ አይቶ መርካት ግን አይበቃም። ላፕቶፕዎን ይዘው ሱቁ ይሂዱ፤ መቅጃውን በኔትወርክ ገመድ አገናኝተው የአርቲኤስፒ አድራሻውን በቪኤልሲ (የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም) ይክፈቱ። ምስሉ ከመጣ ይግዙ፤ ሻጩ ይህን ለመሞከር ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ አለ።

ለቆዩት ካሜራዎች ደግሞ ኤክስቪአር የሚባለው፣ የኮአክሲያልና የኔትወርክ ካሜራዎችን አንድ ላይ የሚቀበለው ዓይነት ይስማማዎታል። ካሜራዎቹ በኮአክሲያል ገመድ ምስል ከሚላክባቸው ዓይነቶች ቲቪአይ፣ ሲቪአይ፣ ኤኤችዲ ወይም የድሮው አናሎግ መሆናቸውን አስቀድመው ይለዩ፤ ሁሉም መቅጃ ሁሉንም አይቀበልም።

መልስ 2 (የሲስተም አስተዳዳሪ)

እኔ በከፊል አልስማማም። ለአዲሶቹ አራት ካሜራዎች መቅጃ መግዛት አያስፈልግም፤ በፒኦኢ ስዊች (በኔትወርክ ገመዱ ኃይልም የሚሰጥ ማከፋፈያ) በኩል በቀጥታ ዞንማይንደር ወይም ፍሪጌት ከሚጫንበት የሊኑክስ ሰርቨር ጋር ይገናኙ። መቅጃው ለቆዩት ብቻ ይቅር። የራሱ የፒኦኢ መሰኪያዎች ያሉት ኤንቪአር (የኔትወርክ ካሜራ መቅጃ) ከገዙ ካሜራዎቹ በአብዛኛው ከቢሮው በተለየ ውስጣዊ ኔትወርክ ውስጥ ስለሚገቡ፣ ሰርቨሩ እያንዳንዱን ካሜራ በራሱ አድራሻ ሊያገኘው አይችልም፤ ምስሉን ከመቅጃው በቻናል ቁጥር መለመን ይሆናል።

ፍሪጌትን ከመረጡ እያንዳንዱ ካሜራ ሁለት ዥረት (በተለያየ ጥራት የሚላክ የቪዲዮ ፍሰት) መስጠቱን ያረጋግጡ፦ ትልቁ ለመቅዳት፣ ትንሹ ሰውና መኪና ለመለየት። ትልቁን ዥረት ለመለየት ሥራ ካዋሉት ፕሮሰሰሩ ያለ ምክንያት ይጨናነቃል። ኮዴኩን (የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴውን) ኤች.264 ያድርጉት፤ «ፕላስ» የሚል ቅጥያ ያላቸውን የአምራቹን ልዩ መጭመቂያዎች ያጥፏቸው፣ ምስሉን የሚያቆራርጡት ብዙ ጊዜ እነርሱ ናቸው።

ጥያቄ (የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ)

ሁለታችሁንም እጅግ አመሰግናለሁ። የስምንቱን ካሜራ ምስል ለሁለት ሳምንት ለማቆየት ምን ያህል ዲስክ ያስፈልገናል? መብራት ሲጠፋስ ምን ይደረግ?

መልስ 1 (የኔትወርክ ቴክኒሻን)

እያንዳንዱ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢልክ በቀን ወደ 43 ጊጋባይት ይሆናል። ስምንቱ በ14 ቀን 4.8 ቴራባይት ገደማ ስለሚወስዱ 6 ቴራባይት በቂ ነው። ተራውን የኮምፒውተር ዲስክ ትተው ያለማቋረጥ ለመጻፍ የተሠራውን የክትትል ዲስክ ይግዙ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ የባትሪ መሣሪያ) ለሰርቨሩና ለመቅጃው ብቻ ከሆነ ዋጋ የለውም፤ ስዊቹና የቆዩት ካሜራዎች የኃይል ማከፋፈያም በእሱ ላይ ይሰኩ።

መልስ 3 (የካሜራ ገጣጣሚ)

ያልተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። ኦንቪፍ ሲገናኝ የመሣሪያዎቹን ሰዓት ያመሳክራል፤ ገጣጣሚው የመቅጃውን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከሞላው የስድስት ሰዓት ልዩነት ይፈጠርና፣ ይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ግንኙነቱ ሊከለከል ይችላል። ሁሉም ሰዓቱን ከሰርቨሩ በኤንቲፒ (በኔትወርክ ሰዓት ማስተካከያ ፕሮቶኮል) ይውሰድ። በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ኦንቪፍ ተዘግቶ ስለሚመጣ ከቅንብሩ ገብቶ መክፈትና ለብቻው ተጠቃሚ መፍጠር ያስፈልጋል።

ፋብሪካው የሰጠውን ይለፍ ቃል በመጀመሪያው ቀን ይቀይሩ። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም ካሜራዎችንና መቅጃዎችን በገፍ የተቆጣጠረው በእነዚሁ ያልተቀየሩ ይለፍ ቃሎች ነበር። ከቤት ሆነው ማየት ከፈለጉም በራውተሩ ላይ አርቲኤስፒ የሚጠቀምበትን የ554 በር (ፖርት) ለኢንተርኔት አይክፈቱ፤ በሰርቨሩ ላይ ዋየርጋርድ (የተመሰጠረ የቪፒኤን ግንኙነት ፕሮግራም) ጭነው በእሱ በኩል ይግቡ።