«ከአንድ ቤተሰብ ስብስብ የተገኘ» የሚባል ሥዕል ይሸጥ ወይስ ይከልከል?

ሸራ ወዳጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ላንሳና ተከራከሩበት። በአንድ የጨረታ ካታሎግ ላይ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል አየሁ። ትንሽ ነው፤ ወንዝ ዳር የቆሙ ላሞች። ልቤን ወሰደው። ስለ ቀድሞ ባለቤቶቹ የተጻፈው ግን አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ከአንድ አውሮፓዊ ቤተሰብ ስብስብ»። በቃ። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ማን እጅ እንደነበረ የለም። ጓደኛዬ «እንዲህ ያለውን መሸጥ በሕግ መከልከል አለበት» አለኝ። አበዛኸው አልኩት። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ጠበቃዋ፦
ጓደኛህ ልክ ነው። ይከልከል። የጠቀስካቸው ዓመታት እኮ ተራ ዓመታት አይደሉም። ከ1933 እስከ 1945 ናዚዎች የአይሁድ ቤተሰቦችን ሥዕል ነጥቀዋል፤ ያልነጠቁትንም አስገድደው በርካሽ አሽጠዋል። ያ ሁሉ ሸራ ተቃጥሎ አላለቀም። ብዙው ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በ1998 ዋሽንግተን ላይ 44 አገሮች ተሰብስበው በመርሆዎች ተስማሙ፤ ግን መርሆዎቹ አስገዳጅ አይደሉም፣ ትኩረታቸውም በዋናነት የመንግሥት ሙዚየሞች ላይ ነው። አንተ የምትገዛበት ገበያ ግን እንዳለ ቀረ።

ሰብሳቢው፦
ቆይ እስቲ እህቴ። የ150 ዓመት ደረሰኝ ማን ያስቀምጣል? ሥዕል በውርስ ይሄዳል፣ በሰርግ ስጦታ ይሄዳል፣ ቤት ሲቀየር ከአሮጌ ቁምሳጥን ጋር አብሮ ይሸጣል። እኔ ቤት ከተሰቀሉት ውስጥ ታሪኩ ከሠዓሊው እጅ ጀምሮ እስከ እኔ ድረስ ሳይቋረጥ የሚታወቅ አንድም የለም። ሁሉም የሌባ ዕቃ ነው ልትዪኝ ነው?

ደግሞ ብትከለክዪው ምን ይሆናል? ሥዕሉ አይጠፋም። ከካታሎግ ወጥቶ ወደ ጓዳ ይገባል። ደላላ በስልክ ይሸጠዋል። የተዘረፈው ቤተሰብ የልጅ ልጆች አያታቸው ሳሎን የነበረውን ሥዕል የሚያገኙት እኮ ብዙ ጊዜ ካታሎግ ላይ ፎቶው ሲወጣ ነው።

ዝም ባይ፦
ሁለተኛው ነጥብ አሳመነኝ። የመጀመሪያው አላሳመነኝም።

ጠበቃዋ፦
ስለ ጓዳው ያልከው እውነት ነው፤ እቀበላለሁ። ስለዚህ አነጋገሬን ላስተካክል። ችግሬ ክፍተቱ ራሱ አይደለም፤ ዝምታው ነው። «ከአንድ ቤተሰብ» ብሎ የጻፈው ጨረታ ቤት ሥዕሉን ማን እንዳመጣለት ያውቃል። ያ ሰው ከየት እንዳገኘውም መጠየቅ ይችላል። የሚያውቀውን ሁሉ ይጻፍ፤ የማያውቀውንም «ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት አይታወቅም» ብሎ በግልጽ ያስቀምጥ። ያላደረገ አይሽጥ።

ለገዢውም ይጠቅመዋል። የኦስትሪያዊውን ሠዓሊ የኤጎን ሺለን «የዋሊ ምስል» ተመልከቱ። ሊያ ቦንዲ ከምትባል አይሁዳዊት የሥዕል ነጋዴ የተወሰደ ነው። ኦስትሪያዊው ሰብሳቢ ሩዶልፍ ሊዮፖልድ በ1954 እጁ ያስገባው ከሙዚየም ነው። አስቡት፣ ከሙዚየም! ለኤግዚቢሽን ኒውዮርክ ሄዶ በ1998 እዚያው ተያዘ። ክሱ ያለቀው በ2010 ነው። ሥዕሉን ለማስቀረት ለወራሾቿ 19 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለ። የአንተ ላሞች እንዲህ ያለ ወጪ ይችላሉ?

ሸራ ወዳጅ፦
ላሞቼን ተዪልኝ እንጂ።

አሮጌ ብሩሽ፦
ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬን ሥዕል ስጠግን ነው የኖርኩት። ሁላችሁም ስለ ወረቀት ታወራላችሁ። ሥዕሉን ገልብጦ ያየው አለ?

የአሮጌ ሥዕል መታወቂያ ጀርባው ላይ ነው። ሸራው የተወጠረበት እንጨት ላይ ቁጥር በጠመኔ ተጽፎ ታገኛለህ። የክፈፍ ሠሪው ወረቀት ይኖራል። የጉምሩክ ማኅተም ይኖራል። የድሮ ኤግዚቢሽን መለያም ሊኖር ይችላል። ታዋቂው ጨረታ ቤት ክሪስቲስ ለምሳሌ በጨረታው ያለፈ ሥዕል ጀርባ ላይ በጥቁር ቀለም ቁጥር ያትም ነበር፤ ያ ቁጥር መቼ እንደተሸጠና ማን እንዳቀረበው ከመዝገባቸው ለማግኘት መንገድ ይከፍታል። ካታሎጉ «አይታወቅም» ያለውን እንጨቱ ሊያውቀው ይችላል።

አንድ ጊዜ አንድ ሰው የሚጸዳ ሥዕል አመጣልኝ። ጀርባው በአዲስ ቡናማ ወረቀት ተሸፍኗል። አነሳሁት። ከሥሩ መለያ ወረቀት ነበር፤ ስሙ በምላጭ ተፍቋል። የቀረው የአንድ ፊደል ጭራና ሁለት አሃዝ ነው። ፍቀቱ ገና ነጭ ነው፤ እንጨቱ ግን ጠቁሯል። ለሰውየው አሳየሁት። ትንሽ ዝም አለና «መልሰው ይለጥፉልኝ» አለኝ። ሳልነካው ይዞት እንዲሄድ አደረግሁ። ዛሬ ድረስ ያቺ የፊደል ጭራ ትታየኛለች።

ዝም ባይ፦
ጋሼ ብሩሽ፣ ታዲያ መለያው ካልተፋቀና ስሙ ካለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው?

ሰብሳቢው፦
አላለቀም፤ እኔም የምለው ይኼንኑ ነው። ቤልትራኪ የሚባለው ጀርመናዊ ሥዕል አስመሳይ የታዋቂውን የሥዕል ነጋዴ የፍሌሽትሃይምን መለያ ራሱ ሠርቶ ፎርጂድ ሥዕሎቹ ጀርባ ላይ ይለጥፍ ነበር። ሚስቱን የአያቷን ልብስ የመሰለ አልብሶ፣ ግድግዳው ላይ ፎርጂድ ሥዕሎቹን ሰቅሎ፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አነሳት። «አያቴ ናት፣ ሥዕሎቹም የእሷ ነበሩ» አሉ። ባለሙያ ሁሉ አመነ። ጉድ ያደረገው ነጭ ቀለም ነው፤ በ1914 ተሣለ የተባለ ሥዕል ውስጥ በዚያ ጊዜ ሠዓሊዎች ያልነበራቸው ቲታኒየም ነጭ ተገኘ። በ2011 ስድስት ዓመት ተፈረደበት። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ጆን ድሩ የሚባለው ፎርጂዱን መሣል ለሌላ ሰው ትቶ እሱ የሙዚየም መዛግብት ውስጥ የሐሰት ሰነድ ይሸጉጥ ነበር።

እና «ሙሉ ታሪክ የሌለው አይሸጥ» ብለሽ ሕግ ብታወጪ፣ ታሪክ የሚፈበርክ አዲስ ሥራ ይከፈታል። እውነተኛው ክፍተቱን ያምናል፣ ቀጣፊው ይሞላዋል። የሚቀጣውም የመጀመሪያው ይሆናል።

ጠበቃዋ፦
ፎርጂድ መንጃ ፈቃድ ስላለ መንጃ ፈቃድ ይቅር ይባላል እንዴ? ደግሞ እኔ ሙሉ ይሁን አላልኩም። ክፍተቱን አትደብቁ ነው ያልኩት። ክፍተቱን ያመነውን እኮ ሕጌ አይነካውም።

ሰብሳቢው፦
እሺ፣ እንደዚያ ከሆነ ልዩነታችን ጠቧል። የሻጩን ስም በግድ ማውጣት ላይ ግን አሁንም አልስማማም። ባሏ የሞተባት ሴት ዕዳ ልትከፍል ስትሸጥ ስሟ ካታሎግ ላይ ለምን ይውጣ?

ጠበቃዋ፦
ለዚህ መልስ የለኝም። ቢያንስ ጨረታ ቤቱ መዝግቦ ይያዘው፤ ወራሽ ነኝ የሚል ሲመጣ በፍርድ ቤት ይጠየቅ።

አሮጌ ብሩሽ፦
ሸራ ወዳጅ ሆይ፣ በነገራችን ላይ ሠዓሊው ማን ነው ይላል? ስሙ ብቻ ነው ወይስ «የእገሌ ተከታይ»፣ «የእገሌ ስልት»? ሁለቱ ሰማይና ምድር ናቸው። «ተከታይ» ማለት እሱ አልሣለውም ማለት ነው። በርሊን ያለው «ባለ ወርቅ የራስ ቁሩ ሰው» የሚባለው ሥዕል እንኳ ስንት ዘመን የታላቁ የሆላንድ ሠዓሊ የሬምብራንት ተብሎ ሲደነቅ ኖሮ በ1980ዎቹ አጋማሽ የሬምብራንት ስም ተነሥቶበታል።

ሸራ ወዳጅ፦
«ተከታይ» ነው የሚለው። ዋጋው ለካ ለዚያ ነው የተመቸኝ!

ትናንት ለጨረታ ቤቱ ጻፍኩ። «የባለቤቱን ማንነት አንገልጽም» አሉ። የጠፉና የተዘረፉ ሥዕሎች መዝገብ ላይ ፈትሸናል፣ የለም ብለው ማረጋገጫ ላኩልኝ።

ሰብሳቢው፦
የዚያን ወረቀት ትርጉም እወቅ። «መዝገባችን ላይ የለም» ነው የሚለው። ማንም ያላስመዘገበው ሥዕልም እዚያ መዝገብ ላይ የለም።

ሸራ ወዳጅ፦
ገብቶኛል። የጀርባውን ፎቶም ጠየቅኳቸው፤ አሁን ደረሰኝ። ዙሪያውን በቡናማ ወረቀት ተሸፍኗል። አዲስ ይመስላል።

አሮጌ ብሩሽ፦
ወዲያው አትደንግጥ። ክፈፍ ሠሪ አቧራ እንዳይገባ ብሎ ወረቀት ይለጥፋል፤ የተለመደ ነው። አንዱን ጥግ እንዲያነሱልህ ጠይቅ። ለእነሱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሸራ ወዳጅ፦
ጠይቄያለሁ ጋሼ። ጨረታው ሐሙስ ነው። እስካሁን መልስ የለም።

ጠበቃዋ፦
ሐሙስ ድረስ ካላነሱት?

ሸራ ወዳጅ፦
ላሞቹ ወንዛቸው ዳር ይቆዩ።