አምስት መንደር ለአራት ፖሊስ፦ ቅድሚያ የሚሰጠውን ችግር ከነዋሪው ጋር እንዴት ልለይ?

አዲስ ተመዳቢ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ወደ ገጠር በቅርቡ የተመደብኩ ፖሊስ ነኝ። አራት ሆነን አምስት የተራራቁ መንደሮችን እንሸፍናለን፤ ያለን አንድ ሞተር ሳይክል ነው። አለቃዬ «ከነዋሪው ጋር ተወያይታችሁ ለመጪዎቹ 3 ወራት ቅድሚያ የሚሰጣቸውን ሦስት ችግሮች ይዛችሁ ኑ» አለን። ስብሰባ ጠራሁ፤ 40 የሚሆን ሰው መጣ። የተናገሩት ግን ሦስት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። ሦስቱም «የሌሊት ቅኝት ይጨመር» አሉ፣ ሌላው አጨበጨበ። ስንበተን አንዲት ሴት ከኋላዬ ደርሳ «እኛን የሚያስጨንቀን ሌሊቱ አይደለም፤ ውኃ ልንቀዳ ስንወርድ መንገድ ላይ የሚጠብቁን ጎረምሶች ናቸው» አለችኝና ስሟን ሳትነግረኝ ሄደች። የትኛውን ልጻፍ?

ጡረተኛው
ልጄ፣ አንተ የሰማኸው የተናጋሪዎቹን ሐሳብ እንጂ የመንደሩን አይደለም። ከተማ ውስጥ ሰው ተናግሮ ወደ ቤቱ ይገባል። ገጠር ግን «ከብቴን የወሰደው እገሌ ነው» ያለ ሰው ነገ ከእገሌ ወንድም ጋር በአንድ ግጦሽ ነው የሚውለው። አደባባይ ላይ ዝም ቢል አትፍረድበት።

እኔ በአገልግሎት ዘመኔ ስብሰባ የምጠራው መጨረሻ ላይ ነበር። መጀመሪያ በእግሬ እዞራለሁ፦ ውኃ መቅጃው፣ ግጦሹ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመለሱበት መንገድ። «ምን ችግር አለባችሁ?» ብለህ አትጠይቅ፤ መልሱ ሁልጊዜ «ምንም የለ» ነው። «ድሮ ታደርጉት የነበረ፣ አሁን የተዋችሁት ምን አለ?» በላቸው። አንዱ ከብቱን ውጭ ማሳደር ትቷል፣ አንዷ ልጇን ብቻዋን መላክ ትታለች። ፍርሃቱ ያለው እዚያ ነው።

መዝገብ ቤት
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ እኔ ግን ከመዝገቡ ልጀምር። ያለፈውን ዓመት አቤቱታ በመንደርና በወር ለየው። ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ፦ ከጣቢያው በጣም የራቀው መንደር ባዶ ሆኖ ታገኘዋለህ። ሰላም ስለሆነ እንዳይመስልህ፤ ግማሽ ቀን ተጉዞ በግ ጠፋብኝ የሚል ሰው ስለሌለ ነው።

ሌላው፣ «የሌሊት ቅኝት» ችግር አይደለም፣ መፍትሔ ነው። ኸርማን ጎልድስታይን የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በ1979 የጻፈው ዋና ነጥብ ይኸው ነበር፦ ፖሊስ በሥራው ዘዴ ተጠምዶ ችግሩን ራሱን ይረሳል። ሽማግሌዎቹን «ቅኝቱ ምን እንዲያስቀርላችሁ ነው?» ብለህ ጠይቃቸው። ከብት ስርቆት ከሆነ መቼ፣ በየት በኩል ይወጣል፣ ማን ይገዛዋል? የሚጠፋው በገበያ ዋዜማ ብቻ ከሆነ፣ ሰባት ሌሊት ከመዞር አንድ ሌሊት መውጫው ላይ መቆም ይበልጣል። በአንድ ሞተር የምትችለውም ይህንኑ ነው።

ተጠራጣሪ
ደስታችሁን ላደፈርስ ነው መሰለኝ። በ2021 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። ብራዚል፣ ኮሎምቢያ፣ ላይቤሪያ፣ ፓኪስታን፣ ፊሊፒንስና ኡጋንዳ ውስጥ ኮሙኒቲ ፖሊሲንግ (ፖሊስ ከነዋሪው ጋር ተቀራርቦና ተወያይቶ የሚሠራበት አሠራር) ተሞክሮ፣ ሕዝብ በፖሊስ ላይ ያለው እምነት አልጨመረም፣ ወንጀልም አልቀነሰም። አጥኚዎቹ ከጠቀሷቸው ምክንያቶች ውስጥ የአለቆች ድጋፍ አለመዝለቅ፣ የፖሊሶች ቶሎ ቶሎ መዘዋወርና ነዋሪው ያነሳውን ችግር ለመከታተል አቅም ማጣት ይገኙበታል። ስለዚህ ሦስት ችግር ከመለየትህ በፊት አለቃህን «3 ወሩ ሳያልቅ ትቀይረኛለህ?» በለው። መልሱ «አላውቅም» ከሆነ አንድ ችግር ብቻ ያዝ። ጠይቆ የጠፋ ፖሊስ ጨርሶ ካልጠየቀው ይብሳል።

ጠጠር
እኔ ፖሊስ አይደለሁም፣ የገጠር ልማት ሠራተኛ ነኝ። ለምርጫው ቀላል ዘዴ አለ፦ በየጣሳው ላይ የችግሩን ሥዕል ለጥፍ (በሬ፣ የውኃ መንገድ፣ የድንበር ድንጋይ)፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ጠጠር ስጥ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ይጣል። ማንበብ አያስፈልግም፣ ማንም ማንን አያይም። ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ ይሁኑ፣ ጠጠሩንም ለየብቻ ቁጠር። ልዩነቱ ራሱ ብዙ ይነግርሃል።

ግን ለምርጫ የማይቀርቡ ነገሮች አሉ። የሚስት ድብደባን ጣሳ ውስጥ አታስገባው። ተጎጂዎቹ ጥቂት ቢሆኑ ወይም ቢፈሩ በድምፅ ብልጫ ሊተው ነው? እሱ ሲመረጥም ሳይመረጥም ሥራህ ነው። ብዙኃኑ «እነዚያን ሰፋሪዎች አባርልን» ቢሉም እንደዚሁ፤ ሕግ የማይፈቅደው ነገር ቅድሚያ ሊሰጠው አይችልም።

አዲስ ተመዳቢ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)
አመሰግናለሁ። በሁለት መንደሮች ሞከርኩት። የወንዶቹ ጠጠር ከብቱ ላይ፣ የሴቶቹ ውኃ መንገዱ ላይ ተከመረ። ሁለቱን ይዣለሁ፤ ሦስተኛ አልጨመርኩም። አሁን ግን ሽማግሌዎቹ «ተናቅን» ብለው አኩርፈዋል።

ጡረተኛው
ጥፋቱ የቅደም ተከተል ነው። ውጤቱን ከሕዝቡ ጋር እኩል አሰማሃቸው። በሚቀጥለው መንደር ከጉባኤው በፊት ቤታቸው ሂድና ቁጥሩን ቀድመህ አሳያቸው፤ ማን ምን ጣለ የሚለው ግን ከአፍህ አይውጣ። ላኮረፉት ደግሞ ሥራ ስጣቸው፦ የጎረምሶቹን አባቶች ከአንተ ይልቅ እነሱ ቢያናግሩ ይሰማሉ። በወሩ መጨረሻ ያደረግኸውን ለሁሉም ንገር፣ ያልቻልከውንም ጭምር። ያቺ ሴት ስሟን ስላልነገረችህ ማን እንደሆነች አታፈላልግ።

ጠጠር
የመጨረሻዋን እደግፋለሁ። ወደ ውኃው መንገድ ስትወጡም ውኃ የሚቀዱትን ሴቶች ሰዓቱን ጠይቁ። ጠዋት ነው ብላችሁ ከሄዳችሁ ማንንም አታገኙ ይሆናል።