«ነጭ ውሸት» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሰነዱን ሳይልክ «ልኬልሃለሁ» ብሎ ድርቅ አለ። ተናድጄ ለአለቃችን በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፦ «ሂ ቶልድ ሚ ኤ ዋይት ላይ»። ነጭ ውሸት ዋሸኝ ማለቴ ነው። አለቃዬ «ታዲያ ምን ችግር አለው?» ብሎ መለሰልኝ። ምን ማለት ነበረብኝ?

ባለ መዝገበ ቃላት፦ ከሰስኩት ስትል ጠበቃ ሆነህለታል! የእነሱ «ዋይት ላይ» ሰው እንዳይከፋው የምትዋሸው ትንሽ ውሸት ነው። የማያምር ልብስ ለለበሰ ሰው «አምሮብሃል» እንደማለት። ቃል በቃል መተርጎም ጣጣው ይኸው ነው። ፎቶ እኛ እናነሳለን፣ እነሱ ይወስዳሉ። እኛን ጉንፋን ይይዘናል፣ እነሱ ጉንፋኑን ይይዙታል።

ባለ ግእዝ፦ ጉንፋኑን ተወውና፣ ለምን ነጭ ተባለ? «ነጣ» የመጣው ከግእዙ «ነጽሐ» ነው፤ ጾም ጦም እንደሚባለው። ስለዚህ ነጭ ውሸት ማለት ንጹሕ ውሸት ነው። እውነት ጠብ ያላለበት።

ሰዋስው ወዳድ፦ ኧረ በስማም! ግእዝ ለነጭ «ጸዐዳ» አለው። መዝሙር 50 ላይ «እነጽሕ» እና «እጸዐዱ» ጎን ለጎን ናቸው። አንድ ከሆኑ ዳዊት ለምን ይደግማል?

ባለ ግእዝ፦ ዳዊት ይደገማል እንጂ አይደግምም፣ ወንድሜ። እኔ ስደግመው አንተ ገና ፊደል ትቆጥር ነበር።

ቀልደኛው፦ የእንግሊዝኛው ከስሙም «ላይ» ነው። ላይ ላዩን ነው የሚዋሹት። የኛ ውስጥ ድረስ ይዘልቃል።

ሰዋስው ወዳድ፦ ንጹሕ ማለት ከሆነ «ነጭ ሐሰት» ለምን አይባልም? በሉትማ፤ ጆሮ ይቆረቁራል። ነጭ የተዳረው ለውሸት ነው። ሥር ከመቆፈር ጉርብትናውን ማየት ይሻላል። እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ፈርዝ እ.ኤ.አ. በ1957 ቃል በባልንጀራው ይታወቃል ያለው ይህንኑ ነው። ሻይ «ስትሮንግ» ይባላል እንጂ «ፓወርፉል» አይባልም። ኮምፒውተር ግን «ፓወርፉል» ነው። ሁለቱም ቃል ብርቱ ማለት ነው፤ እስኪ ሥሩን ቆፍረህ ምክንያቱን አምጣ!

ባለ ግእዝ፦ ይህንን ቅኔ ቤት ድሮ «አገባብ» ብሎ ጨርሶታል። ቃል ከቃል ሲጋባ ማለት ነው።

ሰዋስው ወዳድ፦ አገባብ እንደ «እስመ» እና «ከመ» ያሉ የግእዝ አያያዥ ቃላት ነገር ነው። የሠርግ አታድርገው።

ባለ ግእዝ፦ እሱማ ዐቢይ አገባብ ነው። ንዑሱንስ የት ጣልከው?

ጠያቂ፦ ይቅርታ፣ አለቃዬ እየጠበቀኝ ነው። «ሴይ ኤ ላይ» ነው ወይስ «ቴል ኤ ላይ»? ዓይን ያወጣ ውሸትንስ ምን ይሉታል?

ሰዋስው ወዳድ፦ ንዑሱን አልጣልኩም። ከጥያቄው ጋር ምን አገናኘው?

ቀልደኛው፦ የትኛው ጥያቄ?

ጠያቂ፦ በቃ «ቢግ ላይ» ብዬ ላክሁት።

ባለ መዝገበ ቃላት፦ ያስኬዳል። ቀድሞ የጻፍከው «ቴል»ም ልክ ነበር፤ «ሴይ» ከ«ላይ» ጋር አይሄድም። «ቤርፌስድ ላይ» ብትል ግን ቁጭ ይል ነበር። ፊቱን እንኳ ያልሸፈነ ውሸት። እኛ ዓይን ያልነውን እነሱ ፊት አሉት።

ባለ ግእዝ፦ ቆይ፣ «ዓይን ያወጣ» ሲባል ዓይን ያወጣው ማን ነው? ውሸቱ ወይስ ዋሺው?