ወረቀት አልባ የአየር ጭነት፦ ባንክ ኦሪጅናል ኤር ዌይ ቢል ሲጠይቅ ምን ይደረጋል?

ጥያቄ (የአበባ እርሻ ሰነድ ክፍል)

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ከዝዋይ አካባቢ ጽጌረዳ ወደ ኔዘርላንድስና ቤልጂየም በአየር በሚልክ እርሻ የሰነድ ክፍል ውስጥ ነው። የካርጎ ወኪላችን ከእንግዲህ ኤር ዌይ ቢል (የአየር ጭነት ውል ሰነድ) በወረቀት እንደማይዘጋጅና መረጃው በቀጥታ ወደ አየር መንገዱ ሥርዓት እንደሚላክ ነግሮናል። ሐሳቡን አልቃወምም፤ በየምሽቱ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ ፋይቶ (የእፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት) እና ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ መግለጫ) እያባዛን በፖስታ ማሸጉ ሰልችቶናል። የሚያሳስቡኝ ሁለት ጉዳዮች ናቸው። ጭነቱ ቢጠፋ ወይም ሙቀት ቢያበላሸው፣ የተፈረመ ወረቀት በእጃችን ሳይኖር ካሳ የምንጠይቀው በምን ማስረጃ ነው? ሁለተኛው ደግሞ፣ ከገዢዎቻችን አንዱ የሚከፍለን በኤል ሲ (ባንክ ሰነዶችን አይቶ ለመክፈል በሚገባው ዋስትና) ሲሆን፣ ባንካችን የላኪውን ኦሪጅናል፣ ማለትም ለላኪው የሚሰጠውን የኤር ዌይ ቢል ዋና ቅጂ፣ ካላየ ሰነዱን እንደማይቀበል አስታውቆናል። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ (ነባር የካርጎ ወኪል)

የመጀመሪያው ስጋትዎ በድሮው ሕግ ዘመን ቢሆን ትልቅ ጉዳይ ነበር። በ1929ኙ የዋርሶ ስምምነት መሠረት አንድ አየር መንገድ ያለ ኤር ዌይ ቢል ጭነት ከተቀበለ የኃላፊነቱን ጣሪያ (የሚከፍለውን ካሳ ከፍተኛ መጠን) መከላከያ አድርጎ ማቅረብ አይችልም ነበር፤ አየር መንገዶቹ ራሳቸው ወረቀቱን የሙጥኝ ብለው የቆዩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት ግን በአንቀጽ 4፣ ስለ ጉዞው መዝግቦ የሚያቆይ ማናቸውም ሌላ ዘዴ ወረቀቱን ሊተካ እንደሚችል፣ ላኪው ሲጠይቅም አጓጓዡ የጭነት መቀበያ ደረሰኝ ሊሰጠው እንደሚገባ ይደነግጋል። በአንቀጽ 11 መሠረትም ይህ ደረሰኝ እንደ ኤር ዌይ ቢሉ ሁሉ ውሉ መፈጸሙን፣ ጭነቱ መረከቡን፣ ክብደቱንና የካርቶኑን ብዛት ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ያስረዳል። ኢትዮጵያ፣ ኔዘርላንድስና ቤልጂየም ሦስቱም የስምምነቱ አባላት ናቸው። አገር ውስጥ ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አለልዎት። ስለዚህ ደረሰኙን ለእያንዳንዱ ጭነት ይጠይቁና በሥርዓት ያስቀምጡ።

እኔ ከማስረጃው ይልቅ የምፈራው የጊዜ ገደቡን ነው። ለጉዳት ተቀባዩ ጭነቱን በተረከበ በ14 ቀናት፣ ለመዘግየት ደግሞ ጭነቱ ለተቀባዩ ዝግጁ ከሆነ በ21 ቀናት ውስጥ ቅሬታው በጽሑፍ መቅረብ አለበት። ይህ ካለፈ የቱንም ያህል የተፈረመ ወረቀት ቢኖርዎት፣ አጓጓዡ ካላጭበረበረ በቀር ክሱ ተቀባይነት አያገኝም። አበባ ሲሆን ደግሞ አጓጓዡ ጉዳቱ ከዕቃው ከራሱ ጠባይ የመጣ ነው ብሎ ሊከራከር ስለሚችል፣ ከካርቶኑ ውስጥ የሚገባው የሙቀት መመዝገቢያ ንባብ ከማንኛውም ማኅተም በላይ ይጠቅምዎታል።

መልስ (በባንክ የውጭ ንግድ ክፍል የሠራሁ)

ስለ ኤል ሲው ልጨምር። ባንክዎ ግትር ሆኖ እንዳልሆነ ቢረዱልኝ ደስ ይለኛል፤ ባንኮች በኤል ሲ ሥራ የሚመሩበት ደንብ፣ ዩ ሲ ፒ 600፣ በአንቀጽ 23 የላኪው ኦሪጅናል እንዲቀርብ፣ በአጓጓዡ ወይም በስሙ በሚሠራ ወኪል እንዲፈረምም ያዛል። ኤል ሲው ያንን የሚጠይቅ ከሆነ ባንኩ በራሱ ሥልጣን ሊተወው አይችልም። መፍትሔው ያለው ኤል ሲው ከመከፈቱ በፊት ከገዢው ጋር በሚደረገው ንግግር ላይ ነው።

ብዙ ላኪዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። አየር መንገዱ በኤሌክትሮኒክ የሚለዋወጠው ማስተሩን (ዋናውን ኤር ዌይ ቢል) ነው፤ ይኸውም በእሱና በወኪሉ መካከል ያለው ውል ነው። ወኪልዎ በስምዎ የሚያወጣው ሃውስ ኤር ዌይ ቢል በወረቀት ሊታተምና ሊፈረም ይችላል። ስለዚህ ገዢዎ ሃውሱ ተቀባይነት እንዳለው በኤል ሲው ላይ እንዲያስጽፍ ቢያደርጉ፣ ማስተሩ ወረቀት አልባ ሆኖ የባንኩም ፍላጎት ይሟላል። ሁለቱ ባንኮች ከተስማሙ ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ ሰነዶች የተዘጋጀው ተጨማሪ ደንብ፣ ኢ ዩ ሲ ፒ፣ በኤል ሲው ውስጥ በስም ሊጠቀስ ይችላል። ኤር ዌይ ቢል ደግሞ እንደ መርከቡ ቢል ኦፍ ሌዲንግ በእጅ ሲተላለፍ የዕቃውን ባለቤትነት የሚያስተላልፍ ሰነድ አይደለም። ስለዚህ ወደ ኤሌክትሮኒክ ለመለወጥ ከባሕሩ ይልቅ የአየሩ እጅግ ይቀላል፤ ተስፋ አይቁረጡ።

መልስ (የጭነት መረከቢያ ሠራተኛ)

ከመጋዘኑ በኩል ያለውን እኔ ልናገር። ወረቀት በነበረበት ጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ሚዛን ላይ በእስክሪብቶ ይስተካከል ነበር። አሁን ግን ወኪሉ የላከው መልእክት ራሱ ውሉ ስለሆነ፣ መልእክቱ 120 ካርቶን ብሎ መኪናው 118 ካመጣ፣ መልእክቱ ታርሞ እስኪላክ ድረስ ጽጌረዳው ከቀዝቃዛው ክፍል ውጭ ይጠብቃል። የኤር ዌይ ቢሉን ቁጥር እንኳ ሥርዓቱ ራሱ ይፈትሸዋል፦ ከሦስቱ የአየር መንገድ መለያ አኃዞች ቀጥሎ ያሉት ሰባት አኃዞች ለ7 ተካፍለው የሚተርፈው፣ ከስምንተኛው አኃዝ ጋር እኩል ካልሆነ መልእክቱ ተመልሶ ይመጣል። ለምሳሌ 1234567 ለ7 ሲካፈል 5 ስለሚተርፍ፣ መጨረሻው 5 መሆን አለበት።

ወደ አውሮፓ ለሚሄድ ጭነት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከማርች 2023 ጀምሮ የላኪና የተቀባይ ስምና አድራሻ እንዲሁም የዕቃው ትክክለኛ መግለጫ ለአውሮፓ ጉምሩክ መድረስ ያለባቸው ጭነቱ አውሮፕላን ላይ ከመጫኑ በፊት ነው፤ ባለስድስት አኃዝ የታሪፍ ቁጥርም ይጠየቃል። ሃውስ ካለ የእያንዳንዱ ሃውስ ዝርዝር ይላካል። የታሪፍ ቁጥሩ ለጽጌረዳ 060311 ነው፤ በዕቃው መግለጫ ላይ ደግሞ «አጠቃላይ ጭነት» ብሎ መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ ካርቶን የሚቆጠረውና የሚመዘነው እርሻው ላይ፣ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ይሁን። የወረቀት አልባው አሠራር ጥቅም የሚገኘው እዚያ ነው፤ ቆጠራው እዚያ ካልተስተካከለ ሌላው ሁሉ ልፋት ብቻ ይሆናል።

ጠያቂው

እጅግ አመሰግናለሁ። የሃውሱን ነገር ለገዢያችን ዛሬውኑ እጽፍለታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ፋይቶውን ስካን አድርጌ ለወኪሉ ብልክ፣ ከጭነቱ ጋር የሚሄደው ፖስታ ይቀራል ማለት ነው?

መልስ (ነባር የካርጎ ወኪል)

አይቀርም። ስካን የወረቀቱ ፎቶ እንጂ የኤሌክትሮኒክ ምስክር ወረቀት አይደለም። ኢ ፋይቶ የሚባለው የላኪው አገር የእፅዋት ጤና ባለሥልጣን ለተቀባዩ አገር ባለሥልጣን በቀጥታ የሚልከው መረጃ ነው፤ በላኪው ወይም በወኪሉ እጅ አያልፍም። ለጭነትዎ በዚያ መንገድ መላኩን ምስክር ወረቀቱን ከሚሰጥዎት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ እስከዚያው ዋናው ፋይቶ በፖስታው ውስጥ ከጭነቱ ጋር ይሂድ። ኢንቮይሱንና ፓኪንግ ሊስቱን በሚመለከት ግን በመድረሻው ያለው የገዢው ጉምሩክ አስተላላፊ በኢሜይል ከተቀበለ፣ ከፖስታው ቢያወጧቸው ችግር የለውም።