የአሳ ፎቶዬ ላይ ጥቁር መስመር እየወጣ ነው፤ እባካችሁ ለነገ ጠዋት ነው!

የአቶቴዋ (ምሽት 1፡20)
ሰላም ለሁላችሁ። ለእህቴ ምግብ ቤት የሜኑ ፎቶ እያነሳሁ ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ነገ 4 ሰዓት ላይ ይጠብቀኛል። ሦስት ቆሮሶ ነበረኝ፤ ሁለቱን ጠብሼ ቀዝቅዘው ደረቁብኝ፣ ያልተጠበሰ የቀረኝ አንድ ነው። ሁሉም ፎቶ ላይ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ጥቁር መስመር ይወጣል። አሳው ላይ የነጠላ ጥለት የተጋደመበት ነው የሚመስለው። ሌንሱን ጠርጌያለሁ፣ ስልኩንም አጥፍቼ አብርቻለሁ። ምን ላድርግ?

ታቦር ማዶ (1፡26)
በመስኮት ብርሃን አንሺ። የምግብ ፎቶ በአምፖል አያምርም።

የአቶቴዋ (1፡27)
መሽቷል እኮ ወንድሜ!

ጋሽ መነጽር (1፡35)
ልጄ፣ ከመቸኮልሽ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። ዕቃ ደርድሮ ፎቶ ማንሳት ከፎቶግራፍ ጋር አብሮ የተወለደ ሥራ ነው። ፈረንሳዊው የፎቶግራፍ ፈር ቀዳጅ ዳጌር በ1837 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ካነሳቸው ፎቶዎች አንዱ መስኮት አጠገብ የተደረደሩ ቅርጻ ቅርጾችና ዕቃዎች ናቸው። በዚያን ጊዜ አንድ ፎቶ ለማንሳት ደቂቃዎች ይፈጅ ስለነበር የማይንቀሳቀስ ነገር ነበር የሚመረጠው። ያንቺ ቆሮሶም የትም አይሄድም። ረጋ በይ፣ መጀመሪያ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ እዪ፤ ከጎን ወይም ከኋላ ቢመጣ የቅርፊቱን ሸካራነት ያወጣልሻል፣ ከፊት ከመጣ ጠፍጣፋ ያደርገዋል።

ኬብል (1፡38)
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ መስመሩን ግን አያጠፋውም። እህቴ፣ አምፖሉ ምን ዓይነት ነው? ከአሳው ምን ያህል ይርቃል?

የአቶቴዋ (1፡41)
ነጭ ኤልኢዲ ነው። በደንብ እንዲያበራልኝ ብዬ በኤክስቴንሽን አውርጄ ከሳህኑ አንድ ስንዝር ላይ አንጠልጥዬዋለሁ።

ታቦር ማዶ (1፡43)
መስኮት ይሻላል እያልኩ ነው።

ኬብል (1፡50)
ችግሩ እሱ ነው። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ (በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ) ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲ በሴኮንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ዓይን አያየውም። ስልክ ግን ፎቶውን በአንድ ጊዜ አይቀበልም፣ መስመር በመስመር ነው የሚያነበው። አምፖሉን በጣም ስላስጠጋሽው ስልኩ ብርሃን በዛብኝ ብሎ ሹተሩን (ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) አፍጥኖታል፤ ስለዚህ አንዳንዱን መስመር አምፖሉ ሲደምቅ፣ አንዳንዱን ሲፈዝ ያነበዋል። ካሜራው ውስጥ ፕሮ የሚል ካለ ሹተሩን 1/100 ወይም 1/50 ሴኮንድ አድርጊው፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ወደ 100 ወይም ከዚያ በታች አውርጂ። አሁንም ብርሃን ከበዛ አምፖሉን አንድ ክንድ አርቂ። ስልኩን መጽሐፍ ላይ አስደግፈሽ በሦስት ሴኮንድ ታይመር አንሺ፣ እጅሽ እንዳያንቀጠቅጠው።

የሐይቅ ልጅ (1፡52)
እኔ ግን አልገባኝም፣ የግድ ዛሬ ማታ መሆን አለበት? ጠዋት 1 ሰዓት አሞራ ገደል፣ የሐዋሳ አሳ ገበያ፣ ወርደሽ ትኩስ ቆሮሶ ግዢ፣ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ጥበሺው፣ 3 ሰዓት ላይ ፎቶው አልቋል። አባ ኮዳዎቹ (ወፎቹ) ቀድመውሽ እንዳይገዙት ብቻ ፍጠኚ 😂

የአቶቴዋ (1፡58)
ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ፣ ለዚህ ነው ማታ የጨነቀኝ።
ኬብል፣ እግዜር ይስጥልኝ! 1/100 ላይ መስመሩ ጠፋ!! ግን አሁን አሳው አረንጓዴ ቢጤ ሆነ፣ ዳጣውም ጭቃ መሰለ።

እናት ጓዳ (2፡04)
የኩሽናው ጣሪያ መብራት በርቷል አይደል? አጥፊው። ሁለት ዓይነት መብራት አንድ ሳህን ላይ ሲያርፍ ቀለሙ ይዘበራረቃል። አንድ ብቻ ይቅር፣ ከዚያ ሳህኑ አጠገብ ነጭ ወረቀት አስቀምጪና ዋይት ባላንሱን (የካሜራውን የቀለም ማስተካከያ) እያንቀሳቀስሽ ወረቀቱ በትክክል ነጭ እስኪሆን ድረስ አስተካክዪ። ወረቀቱ ነጭ ከሆነ አሳው ወርቃማነቱን ያገኛል።
ደረቁ ያልሻቸውንም አትጣያቸው። አንዱን ዘይት በነካ ብሩሽ ሰውነቱን ቀባ ቀባ አድርጊው፤ የተተለተለበት ቦታ ላይ ዘይቱ ገባ ሲል አሁን ከድስት የወጣ ይመስላል። የመጨረሻውን አሳ አቀማመጡና ብርሃኑ ሁሉ ካለቀ በኋላ ጥበሺው። እኔ ሁልጊዜ ቦታውን በባዶ ሳህንና በሎሚ አስተካክዬ ነው ምግቡን የማመጣው። ሎሚውንም በመጨረሻ ቁረጪው፣ ቶሎ ይጠወልጋል።

ታቦር ማዶ (2፡06)
እኔ ሪስታርት አድርጊው እላለሁ። አንዳንዴ ይሠራል።

ጋሽ መነጽር (2፡15)
እናት ጓዳ ጥሩ ብላለች። እኔ የምጨምረው ከብርሃኑ ትይዩ ነጭ ካርቶን እንድታቆሚ ነው፤ ጥላው ይለሰልሳል። ከሥሩም ሰፌድ አድርጊ፤ ያጌጠ የጠረጴዛ ልብስ ከአሳው ጋር ይፎካከራል።

የአቶቴዋ (2፡31)
መብራት ሄደ። አሳው ምጣድ ላይ ነው!!

ኬብል (2፡33)
ቻርጅ የሚደረግ መብራት ካለሽ እሱን አብሪ። በባትሪ ስለሚሠራ የ50 ኸርዙ ጣጣ የለበትም። የብርሃን መጠን መቀነሻ ካለው ግን እስከ መጨረሻው ክፈቺው፤ ሲቀንሱት አንዳንዱ ራሱ መስመር ያመጣል። ፊት ለፊት አታድርጊው፣ ከጎን በነጠላ ጋርደሽ አብሪው። ነጠላው ብርሃኑን ይበትነዋል። እሳት እንዳይሆን ሻማ ላይ ግን ነጠላ አታስጠጊ።

የሐይቅ ልጅ (በማግሥቱ ጠዋት 2፡10)
የአቶቴዋ፣ እንዴት ሆነልሽ? ማተሚያ ቤት ደረስሽ?

ቀይ ወጥ (7፡45)
ከአዳማ ነኝ፣ ጥያቄውን ስላየሁ ነው። የኔ ዶሮ ወጥ ደግሞ ሳነሳው ሁሌ ጥቁር ይሆናል፣ እንቁላሉ ብቻ ነው የሚታየው።

እናት ጓዳ (8፡02)
ስክሪኑ ላይ እንቁላሉን ሳይሆን ወጡን ንካ፣ ከዚያ የምትወጣውን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ላይ ጎትት። እንቁላሉ በጣም ከነጣ ግማሹን ወጥ ውስጥ አስገባው። ብርሃኑን ከኋላ አድርግ፣ ቅቤው ላይ ያንጸባርቅልሃል።