ክርክር፦ ኳርተርባክ ሲመረጥ ምኑ ይታይ?

የላንዶቨሩ፦
ሰላም ለቤቱ። ቅዳሜ ፀጉር ቤት የጀመርነው ጭቅጭቅ አላለቀም፤ እዚህ እንቀጥለው። ጥያቄው አጭር ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ከኮሌጅ ኳርተርባክ ሲመርጥ ምኑን አይቶ ይወስን? ክንዱንና ቁመናውን ወይስ ኮሌጅ እያለ የሠራውን? ለጨዋታው አዲስ ለሆናችሁ፣ ኳርተርባክ ማለት ኳሷን ተቀብሎ በሦስት ሰከንድ ገደማ ለማን እንደምትሄድ የሚወስነው ልጅ ነው። ድራፍት ደግሞ ደካማው ቡድን ቀድሞ የሚመርጥበት ዓመታዊ ገበያ ነው።

እኔ ብዙ የተጫወተውን ውሰዱ ባይ ነኝ። አንቶኒ ሪቻርድሰንን አስታውሱ። በ2023 ኢንዲያናፖሊስ በ4ኛ ምርጫ ወሰደው። ቁመቱ 6 ጫማ ከ4 ኢንች፣ ክብደቱ 244 ፓውንድ። ከድራፍት በፊት በሚደረገው የአካል ብቃት ፈተና ከቆመበት 40.5 ኢንች ዘለለ፤ በዚያ ፈተና ላይ እንዲህ የዘለለ ኳርተርባክ አልነበረም። ግን ፍሎሪዳ ኮሌጅ እያለ ተሰላፊ ሆኖ ጨዋታ የጀመረው 13 ጊዜ ብቻ ነው። በመጨረሻው ዓመት ከወረወራቸው ኳሶች ተቀባይ እጅ የገቡት 54 ከመቶ እንኳ አይሞሉም። በ2024 ፕሮፌሽናል ሆኖ ደግሞ 47.7 ከመቶ ወረደ። በ2025 ቦታውን ለሌላ ለቀቀ። ሰዎቹ የገዙት ዝላይ ነው፤ ኳስ በዝላይ ሰው እጅ አይገባም።

ዳላስ ያደገው፦
ወንድሜ፣ በዚህ ወንፊት ብናበጥር ጆሽ አለንም ከእንክርዳዱ ጋር ይወድቅ ነበር። ዋዮሚንግ የሚባል ብዙ ሰው የማያየው ኮሌጅ ተጫወተ። ኳሱ ሰው እጅ የገባው 56 ከመቶ ነው። በ2018 ቡፋሎ በ7ኛ ሲወስደው የቁጥር ሰዎች ስቀውበታል። በ2024 የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሆነው እሱ ነው። ከእሱ ሦስት ቦታ ዝቅ ብሎ የተመረጠው ጆሽ ሮዘን፣ ያኔ «የተማረ፣ የበሰለ» የተባለው፣ አሁን የት ነው? በስሏል የሚባል ልጅ አንዳንዴ ከዚያ በላይ አያድግም። ትልቅ ክንድ ግን ማንም አሰልጣኝ ከባዶ አይፈጥረውም።

የላንዶቨሩ፦
አለንን ታነሣለህ ብዬ ጠብቄ ነበር። በየዓመቱ ኳስ አርቆ የሚወረውር ሁሉ «ቀጣዩ አለን» ይባላል። ትሬይ ላንስም ተብሏል። ሳን ፍራንሲስኮ በ2021 እሱን በ3ኛ ለመውሰድ ሦስት የአንደኛ ዙር ምርጫ ሰጠ። ልጁ ኮሌጅ የጀመረው 17 ጨዋታ ነበር። በ2023 ለዳላስ በአንድ የአራተኛ ዙር ምርጫ ተሸጠ፤ የሀገርህ ሰዎች ናቸው የገዙት። እዚያው ሳን ፍራንሲስኮ ማን ተጫወተ? ብሮክ ፐርዲ። በ2022 ድራፍት 262ኛ፣ የመጨረሻው የመጨረሻ። አራት ዓመት አዮዋ ስቴት ተጫውቶ የመጣ ልጅ ነው፤ በሁለተኛ ዓመቱ ቡድኑን ሱፐር ቦውል፣ የሊጉ ፍጻሜ ጨዋታ፣ አደረሰ።

ሒሳብ ሹሙ፦
ልግባ? ሁለታችሁም ዋጋውን ረስታችኋል። ሳም ብራድፎርድ በ2010 1ኛ ሲመረጥ 50 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ያለው ውል ፈረመ። ያኔ መሳሳት ቡድን ይገድል ነበር። በ2011 የአዲስ ገቢ ደመወዝ ጣሪያ ወጣ። የዚያ ዓመት 1ኛ፣ ካም ኒውተን፣ ለአራት ዓመት የተከፈለው በድምሩ 22 ሚሊዮን ገደማ ነው። ስለዚህ ዛሬ ልጁ ባይሳካ የምትከስረው ገንዘብ ትንሽ ነው። ከተሳካ ግን ምርጥ ኳርተርባክ በርካሽ አገኘህ፤ በተረፈው ገንዘብ ሌላውን ትገዛለህ። እንዲህ ባለ ገበያ መካከለኛውን ልጅ መግዛት ምን ይሉታል? ብዙ ሊያድግ የሚችለውን ነው መሞከር። ካልሆነ ደግሞ ሌላ ዓመት አለ።

የላንዶቨሩ፦
ሌላ ዓመት የሚለው አባባል ደጋፊ ላይ ሲደርስ ሃያ ዓመት ይሆናል። እኛን የዋሽንግተን ደጋፊዎችን ጠይቀን።

ጎረምሳው፦
ጋሼ፣ ቁጥሩን ይተዉትና አንድ ነገር ይዩልኝ። የኮሌጅ ቪዲዮ ሲከፍቱ ኳሷን አይከተሉ፤ የልጁን ዓይን ይከተሉ። 120 ኪሎ የሚመዝን ሰው እየሮጠበት ሲመጣ ወደ ሰውየው ያያል ወይስ ወደ ተቀባዮቹ? ወደ ሰውየው የሚያየው ልጅ ፕሮፌሽናል ሲሆንም ያያል፤ እዚያ ደግሞ ሰዎቹ ይፈጥናሉ። ሌላም አለ። 70 ከመቶ አስገባ የሚባለው ልጅ ግማሹን የወረወረው አጠገቡ ለቆመ ሰው ከሆነስ? እሱን እኔም አስገባዋለሁ።

የፈተናውን ነገርማ ተዉት። በ2023 ሲ ጄ ስትራውድ የአእምሮ ፍጥነት ፈተና ላይ ዝቅተኛ ውጤት አመጣ ተብሎ ወሬው ወጣ። ሂውስተን በ2ኛ ወሰደው፤ የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ሆነ። ኬኒ ፒኬትንም በ2022 እጁን በማስመሪያ ለክተው 8 ኢንች ተኩል ነው፣ ትንሽ ነው ብለው ሳምንት ሙሉ አወሩ። ለጓንት ነው ለጨዋታ?

የመንትዮቹ እናት፦
ጎረምሳው ስለ ዓይን ያልከውን ወድጄዋለሁ። ግን ቃላቱን ልብ ብላችሁ ስሙ። አንዱ ልጅ «ብልህ» ይባላል፣ ሌላው «ተፈጥሮ ያደለው»። የትኛው ጥቁር እንደሆነ ስሙን ሳልሰማ አውቃለሁ። ዋረን ሙን በ1978 ድራፍት ማንም አልመረጠውም። ካናዳ ሄዶ ኤድመንተን ተጫወተ፤ ተመልሶ መጣና በ2006 ዝነኞች አዳራሽ ገባ። ያ ድሮ ነው ትሉኛላችሁ። ላማር ጃክሰን በ2018 ኳርተርባክነቱን ትቶ ተቀባይ ይሁን ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ያለው ደግሞ ቡድን ሲመራ የኖረ ሽማግሌ፣ ቢል ፖሊያን ነው። ባልቲሞር በ32ኛ ወሰደው። ሁለት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ሆነ። እንግዲህ «ክንድና ቁመና» ስትሉ ይሄንንም አብራችሁ መዝኑት።

ዳላስ ያደገው፦
እህቴ፣ እዚህ ላይ አልከራከርሽም። ፖሊያን ራሱ በኋላ ተሳስቻለሁ ብሏል።

የመንትዮቹ እናት፦
ዋናው ነገሬ ግን ሌላ ነው። ልጅ ሲዳር ምን ይጠየቃል? የሚገባበት ቤት። አማቲቱ፣ ጎረቤቱ፣ ጎተራው። እናንተ የልጁን እጅ በኢንች ትለካላችሁ፤ ቤቱን የሚጠይቅ አንድ ሰው አጣሁ። ቺካጎ በ2024 ኬሌብ ዊሊያምስን 1ኛ ብሎ ወሰደ። በመጀመሪያው ዓመት 68 ጊዜ ኳሷን ሳይለቅ መሬት ላይ ተነጠፈ። አሰልጣኙ በዓመቱ መሃል ተባረረ። ፀጉር ቤት ያላችሁትን ሰምቻለሁ፤ «ይሄ ልጅ ባዶ ነው» ብላችኋል። በ2025 አዲሱ አሰልጣኝ ቤን ጆንሰን መጣ፣ ከፊት የሚከላከሉለት ሰዎች ተለወጡ፣ ያው ልጅ 11 ጨዋታ አሸነፈ። ሳም ዳርኖልድንም ኒውዮርክ ላይ ቀብራችሁት ነበር፤ በ2024 ሚኒሶታ ሄዶ 14 አሸነፈ። ፓትሪክ ማሆምስ በ2017 10ኛ ሆኖ ካንሳስ ሲቲ ሲገባ ወዲያው ሜዳ አልወረወሩትም። አሌክስ ስሚዝ ከሚባል አንጋፋ ሥር ዓመቱን ተቀምጦ ተማረ። በዚያው ድራፍት 2ኛ የተወሰደው ቺካጎ የገባው ትሩቢስኪ ነው። ቦታ ቢለዋወጡስ? ማሆምስ ማሆምስ ይሆን ነበር?

ሒሳብ ሹሙ፦
ይሄ ሊለካ የማይችል ነገር ነው እኮ። ቤቱ ሁሌም ሰበብ ይሆናል። ጃማርከስ ረስል በ2007 1ኛ ሆኖ ኦክላንድ ገባ፣ በሦስት ዓመት አለቀለት። ያ ቤት ነው ወይስ ልጁ?

የመንትዮቹ እናት፦
ሁለቱም። ቤት ሁሉንም ያድናል አላልኩም።

ጎረምሳው፦
እኔ ከአክስቴ ጋር ነኝ፤ ግን ዕድልም አለ። ጥቅምት 2024፣ ላንዶቨር፣ የዋሽንግተን ቡድናችን ሜዳ፣ ዊሊያምስና ዳንኤልስ ፊት ለፊት። የዚያ ድራፍት 1ኛና 2ኛ። 15 ለ12 እየተመራን ሁለት ሰከንድ ቀረ። ጄደን ዳንኤልስ ወደ ኋላ ሮጠ፣ ወደ ጎን ሮጠ፣ ወረወረ። የቺካጎ ተከላካይ ገና ሙከራው ሲጀመር ጀርባውን ሰጥቶ በደጋፊው ያሾፍ ነበር። ሮጦ መጥቶ ኳሷን ነካት፤ ተንሳፍፋ ከኋላ ብቻውን የቆመው ኖዋ ብራውን እጅ ገባች። 18 ለ15። በማግሥቱ ሰው ሁሉ «ዋሽንግተን ትክክለኛውን መረጠ» አለ። ለአንዲት የተነካች ኳስ!

የላንዶቨሩ፦
ቆይ፣ ዳንኤልስን ካነሣህማ የእኔን ነገር አገዝክልኝ። ልጁ አምስት ዓመት ኮሌጅ ተጫውቶ፣ 55 ጨዋታ ጀምሮ ነው የመጣው። አሪዞና ስቴት እያለ እኮ ማንም 2ኛ ይሆናል አላለም። ሉዊዚያና ስቴት ሄዶ ቆየ፣ በሰለ፣ የኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የሆነውን ሃይዝማንን ወሰደ። ከዚያ 4 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ የነበረ ቡድን በአንድ ዓመት 12 አሸነፈ። ብዙ መጫወት ማለት ይሄ ነው። ቦ ኒክስም 61 ጀምሮ መጣ፤ ዴንቨርን በመጀመሪያ ዓመቱ ፕሌይኦፍ፣ ጥሎ ማለፉ ውስጥ፣ አስገባ።

ዳላስ ያደገው፦
ዳንኤልስ ክንድም እግርም የለውም ልትለን ነው? ሁለቱም ያለውን ልጅ ለአንድ ወገን አትቁጠር።

የመንትዮቹ እናት፦
ወንድሜ የላንዶቨሩ፣ 55ቱን ጨዋታ ተቀብያለሁ። አሁን አንተ መልስልኝ። ለሮበርት ግሪፈን በ2012 ሦስት የአንደኛ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ከፈልን። የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ሆነ። ጥር 2013 ከሲያትል ጋር በተጎዳ ጉልበቱ አነከሰ፤ ሁላችንም እያየን ሜዳ ላይ ተዉት፤ ጉልበቱ ተበጠሰ። ከዚያ በኋላ ያው ሰው አልሆነም። ኅዳር 2025፣ እንደገና ሲያትል፣ እዚያው ስታዲየም። አራተኛው ሩብ ነው፣ ውጤቱ 38 ለ7። ዳንኤልስ ያን ሰዓት ሜዳ ላይ ምን ይሠራል? የግራ ክርኑ ወለቀ። ያንን የትኛው የኮሌጅ ቪዲዮ ላይ ታየዋለህ?

የላንዶቨሩ፦
እዚያ ነበርኩ። ጨዋታው አልቋል ብዬ 38 ለ7 ሲሆን ልጆቼን ይዤ ወጣሁ። ክርኑን የሰማሁት ፓርኪንግ ሬዲዮ ስከፍት ነው።